ሃያ ባዶ ሲዲ

የየኔታ ፅጌ ማርያም ጉሮሮ ላይ እብጠት ሲገኝ ሐኪሙ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛው አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው፣ ሁለተኛው እስከዚያ ድረስ ቃል ከአፋቸው እንዳይወጣ። ቀጠሮውን ለማግኘት ልጃቸው እሌኒ አራት ወር ደጅ ጠንታለች። ቀኑ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ረቡዕ ላይ ዋለ። ሐኪሙ ድምፃቸው ይመለሳል አላለም፤ አይመለስምም አላለም።

የኔታ ሠላሳ አንድ ዓመት በጣና ደሴቶች በአንዱ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ሁለት ሰዓት በሚወስድ ገዳም፣ ጾመ ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የጾሙ ዜማ በሌላም ጉባኤ ቤት ይሰጣል። የዚያ ደሴት ግን የራሱ አካሄድ አለው፤ ሌላው ከፍ በሚልበት ዝቅ ይላል፤ ሌላው በሚቆምበት ይሄዳል። ያን አካሄድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዙ መምህር ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት ሰፈር፣ እሌኒ ቤት ተቀምጠዋል። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ኮሌጅ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ስለ አብነት ትምህርት ቤቶች መረሳት በየጋዜጣው እጽፋለሁ። ስጽፍ ደግሞ ማንንም አልምርም።

በደሴቱ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ቀርተዋል። ታላቃቸው ኪዳነ ወልድ ዘጠኝ ዓመት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጧል፤ ግን ለመምህርነት ተፈትኖ አላስመሰከረም። አበምኔቱ አባ ዓምደ ሚካኤል በሰው የላኩት ቃል አጭር ነበር። እስከ ጾሙ መግቢያ፣ እስከ ዘወረደ ዋዜማ ድረስ የመጽሐፉ ሙሉ ዜማ በየኔታ ድምፅ ተቀድቶ በገዳሙ ቴፕ እንዲሰማ ሆኖ ካልመጣ፣ ወይም መምህር ካልተገኘ፣ ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ይሰናበታሉ። ግማሽ መጽሐፍ አይቀበሉም፤ በግማሽ መጽሐፍ የሚያስመሰክር ተማሪ የለምና። ተማሪን ያለ መምህር ማቆየት ዕድሜውን መስረቅ ነው ብለዋል። ትክክል ናቸው። ያናደደኝም ትክክል መሆናቸው ነው። አሥራ ሁለቱ ከተበተኑ ያ አካሄድ አለቀለት።

ድምፁ ግን ነበረኝ። ሐኪሙ ዝም ይበሉ ከማለቱ በፊት ባሉት ወራት፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እየሄድሁ፣ መጽሐፉን በሙሉ ቀድቻቸዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ሰዓት። የኔታ ሲቀዱም የሚያስተምሩ ይመስላሉ። አንድ ሐረግ ያዜሙና ያቆማሉ። ተማሪ መልሶ እስኪለው ያህል ዝም ይላሉ። ከዚያ ይቀጥላሉ። ፊታቸው ተማሪ አልነበረም። እኔ ነበርሁ፤ እኔ ደግሞ ዜማ አላውቅም። ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ሳምንታት፣ ከገብር ኄር ወዲያ፣ ድምፃቸው እየወረደ ከትንፋሽ ብዙም የማይለይ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ የቀረው ዲስክ መግዛት ነው አልሁ። ፋይሎቹ በኤምፒ ስሪ አንድ ጊጋባይት ተኩል ናቸው። ዲቪዲ አራት ነጥብ ሰባት ይይዛል። ሲሶው ብቻ ይሞላል፤ ሂሳቡ አለቀ።

ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ እናትዓለም የምትባል ሴት ሱቅ አለቻት። ድሮ የሰርግ ፊልም ታባዛ ነበር። ዛሬ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች፣ መታወቂያ በፕላስቲክ ታሽጋለች። ባዶ ዲስክ የሚገዛ ሰው ከመጣ ዓመት እንዳለፈው ነገረችኝ። ከዚያ በምን እንደሚሰማ ጠየቀችኝ። የምፈልገው ዲስክ እንጂ ምክር እንዳልሆነ ነገርኋት። ትከሻዋን ነቀነቀችና ዲቪዲውን ከመደርደሪያ አወረደችልኝ።

ቤት ሄጄ ኮምፒውተሬ ውስጥ ስከተው አራት ነጥብ ሦስት ስምንት አለኝ። ተመልሼ ሄድሁ። ካርቶኑ ላይ አራት ነጥብ ሰባት ተጽፎ አራት ነጥብ ሦስት ስምንት መሸጥ ማጭበርበር እንደሆነ፣ ይኽች አገር የጠፋችውም እንዲህ ባለ ነገር እንደሆነ፣ ደንበኞች ባሉበት ተናገርሁ። እናትዓለም እስክጨርስ ድረስ የአንድ መታወቂያ ጠርዝ በመቀስ ታስተካክል ነበር።

«ጨረሱ ጋሼ?» አለችኝ። «ፋብሪካው ሺሕን ሺሕ ብሎ ይቆጥራል። ኮምፒውተርዎ ሺሕ የሚለው ሺሕ ሃያ አራቱን ነው። ዲስኩ ያው ነው፤ ቁናው ነው የተለያየ። በጤፍ ገበያ እንኳ ቁናው ሲሰፋ እህሉ ጠፋ አይባልም።»

ደንበኞቹ ሳቁ። ትክክል እንደሆነች ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ሳነብ ነው። ለእሷ ግን አልነገርኋትም።

በማግስቱ በጀልባ ሄድሁ። ገዳሙ ስልክ አያስገባም። ሥዕል የሚያሳይ፣ ሬዲዮ የሚይዝ፣ ሌላ ነገር ሊጫንበት የሚችል ዕቃም አያስገባም። የገዳሙ ቴፕ ተሳላሚዎች የሰጡት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት የድሮ ሲዲ ማጫወቻ ነው። ማኅበሩ መክሮ የፈቀደው የሰጡትን ብቻ ስለሚናገር ነው። ይኸን ሁሉ የሰማሁት ደሴቱ ላይ ቆሜ ነው። አስቀድሜ አልጠየቅሁም ነበር። መነኮሳቱ ስለ ማሽን ምን ያውቃሉ ብዬ ነው።

ኪዳነ ወልድ ዲቪዲውን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ አስገባው። ማጫወቻው ጥቂት አጉረመረመ፤ ትንሿ መስኮት ላይ ዜሮ ጻፈ። አወጣው፣ በነጠላው ጠርዝ ጠረገው፣ መልሶ አስገባው። ዜሮ።

«መምህር፣ ይኸ ሱባኤ ገብቷል መሰለኝ» አለኝ።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። አባ ዓምደ ሚካኤል አልሳቁም። ሌላ ማጫወቻ ላምጣ ብላቸው፣ ሌላ ዕቃ የሚገባው ማኅበሩ ሲመክርበት መሆኑን፣ ማኅበሩ የሚመክረውም ከትንሣኤ በኋላ መሆኑን ነገሩኝ። ለአንድ ቴፕ ጉባኤ መጥራት ሥርዓት ሳይሆን ስንፍና ነው አልኋቸው። የጸሎት ሰዓታቸው ደርሶ ነበርና ተነሥተው ሄዱ።

እናትዓለም ሱቅ ለሦስተኛ ጊዜ ስገባ ወንበር ሳበችልኝ። የማጫወቻውን ዓይነት ነገርኋት። ይኸን መጀመሪያ ቀን ነግሬያት ቢሆን ጀልባውን እንደማልከፍል አላለችኝም፤ ፊቷ ላይ ግን ነበረ። ያስረዳችኝ ይኸን ነው። ሰባት መቶ ሜጋባይት የሚይዝ ሲዲ ላይ ኤምፒ ስሪ ከተጫነ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል። ያ ዓይነት የድሮ ማጫወቻ ግን ኤምፒ ስሪ አያውቅም። እሱ እንዲያነበው ተደርጎ በኦዲዮ ሲጻፍ፣ ያው ሲዲ ሰማንያ ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ደግሞ በኦዲዮ ሲጻፍ ዝምታም እንደ ድምፅ ነው፤ ማንም ሳይናገር የሚያልፍ አንድ ደቂቃ የአንድ ደቂቃ ቦታ ይበላል። እየተሰረዘ የሚጻፈውን ዓይነት አይግዙ አለችኝ፤ የድሮ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ አያነበውም። አንዴ የሚጻፈውን ይውሰዱ፤ እሱ ግን ከተሳሳቱ አይታረምም።

ሃያ ስድስት ሰዓት ለሰማንያ ደቂቃ ሲካፈል ሃያ ሲዲ ነው። እሷ ጋ ዘጠኝ ነበር። ከተማውን ዞርሁ፤ ፎቶ ቤት፣ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት፣ የመዝሙር መሸጫ። አንዱ ልጅ ባዶ ሲዲ ስለው ሰዓት ሆኖ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሳየኝ። እናትዓለም አንበሳሜ የሚኖር የሙያ ወዳጇ ጋ ደወለች፤ አምስት አለኝ ብሎ በሚኒባስ ላከ። ከአዲስ አበባ እንዳናዝዝ የመኪናው መንገድ ዝግ ነው፣ የኔታም ለቀጠሮው የሚሄዱት በአውሮፕላን ነው፣ በአውሮፕላን ዕቃ የሚይዝልን ሰው ደግሞ አላገኘንም፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። በጠቅላላው አሥራ አራት። ዘወረደ ሊገባ ስድስት ቀን።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ማንም አላዘዘኝም። ዝምታ ቦታ የሚበላ ከሆነ ዝምታውን ማውጣት ነው አልሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነን ድምፅ ሁሉ ባዶ ነው ብሎ የሚቆርጥ ፕሮግራም አለ። ሃያ ስድስቱን ሰዓት ሰጠሁት። አሥራ ሰባት ሰዓት አድርጎ መለሰልኝ። ይኸ አሥራ ሦስት ሲዲ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ባዶ አየር ተሸክመን ልንሄድ ነበር ብዬ ለእናትዓለም ስነግራት፣ እሷ አንዱን ብቻ ጽፈን ለባለቤቱ እናሰማ አለችኝ።

«ቀን የለንም» አልኋት።

«አንድ ሰዓት የለዎትም?»

«ሁሉንም ጻፊው።»

አንዱ ሲዲ በመጻፍ ላይ ሳለ ተበላሸ። አሥራ ሦስቱ ደኅና ወጡ። ባዶ የሚባል አልቀረም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከዋዜማው ሦስት ቀን በፊት፣ የእናትዓለምን ማጫወቻ ተውሼ ለየኔታ ይዤ ሄድሁ። ያለ እሳቸው ምስክርነት ገዳሙ አይቀበለውም፤ «ሰምቼዋለሁ» ብለው በእጃቸው መጻፍ አለባቸው። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አዳመጡ። እሌኒ ከሥራዋ አስፈቅዳ ቀርታ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የመጀመሪያው ሐረግ አለቀ፤ ወዲያው ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው። የኔታ ቀና አሉ። ደብተራቸውን አንሥተው ጻፉና አሳዩኝ።

«ተማሪው የት አለ?»

ዝምታውን ቦታ ለማዳን እንዳወጣሁት፣ ተማሪው መመለስ ሲፈልግ ማቆሚያውን ሊጫን እንደሚችል አስረዳኋቸው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ጣት ይመራል? ብለው ጻፉ። ከዚያ ደግሞ፣ ልኩን የሚያስተምረው ዝምታው ነው፤ የቸኮለ በዚያ ይታወቃል፤ የዘገየም በዚያ ይታወቃል ብለው ጻፉ። እኔ ተከራከርሁ። ጉባኤ ቤት ከሚዘጋ ትንሽ ልክ ማጣት ይሻላል አልሁ። ምናልባትም አሸንፌያቸው ነበር። ግን የኒቆዲሞስ ሳምንት ያለበትን ሲዲ አስገባው ብለው ጻፉልኝ።

እዚያ ላይ መቋሚያው መሬቱን መታ። እንደገና መታ። በየሐረጉ መጨረሻ ይመታል። ምን እንደሆነ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እሌኒ እንኳ ገብቷታል።

«ጋሼ ምናሴ፣ መጨረሻው የለም እኮ» አለችኝ።

ድምፃቸው በወረደበት ቦታ ሁሉ ማሽኑ ባዶ ነው ብሎ ቆርጦታል። የደሴቱ አካሄድ ደግሞ ሌላው ከፍ በሚልበት ዝቅ የሚል ነው። ከሌሎች የሚለየው አካሄድ፣ ሃያ ስድስት ሰዓት የደከሙበት፣ በተለይ ተመርጦ የወጣው እሱ ነበር። ያልተነካው ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። የሚጻፍበት ሲዲ ግን የለም፤ ከዋዜማው በፊትም አይገኝም።

ይኸን ነገርኋቸው። የመጣብኝን ንዴት በምን ላይ እንደማሳርፈው አላወቅሁም። የኔታ ደብተራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ ጻፉ። ነገ እሄዳለሁ፤ አሥራ ሦስቱን ያዝልኝ።

እሌኒ እኔን አላየችኝም። ቀጠሮው በሚመጣው ረቡዕ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ እሷ ለዚያ ወረቀት ስንት በር እንዳንኳኳች ለአባቷ ነገረቻቸው። የኔታ እንደማይናገሩ በጽሑፍ ቃል ገቡላት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ጠዋት ደሴቱ ላይ ደረስን። የኔታ ለአበምኔቱ የሰጡትን ወረቀት አባ ዓምደ ሚካኤል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ሙሉ ዜማ ወይም መምህር ብለው ነበር፤ ሙሉውን ዜማ አላመጣሁም፤ ኪዳነ ወልድ ይፈተንልኝ ይላል። ፈተናው እንዲህ ነው። ሲዲው ይጫወታል። ማሽኑ የቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ተማሪው ያቆመዋል፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። የት እንደተቆረጠ የሚነግረው የለም፤ የጎደለውን የሚያውቅ ሙሉውን የሚያውቅ ብቻ ነው። ሲሳሳት የኔታ በመቋሚያቸው ይመታሉ።

ኪዳነ ወልድ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከአንበሳሜ ገጠር የመጣ፣ እጁ እንደ ገበሬ እጅ የሰፋ። ማጫወቻው ፊት ተቀመጠ። አበምኔቱ በስተቀኝ፣ የኔታ ፊት ለፊት፣ አሥራ አንዱ ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው። እኔ በሩ አጠገብ ነበርሁ።

ሦስት ቀን ፈጀ። ፀሐይ ስትወጣ ይጀመራል፤ ባትሪው ሲደክም ይቆማል። የዘወረደ፣ የቅድስት፣ የምኵራብ፣ የመፃጉዕና የተከታዩ ሳምንታት ላይ ማሽኑ የቆረጠው ጥቂት ነበር። ኪዳነ ወልድ አንዱንም ሳያልፍ ያቆማል፤ የወረደውን ጫፍ በለሆሳስ ያዜመዋል፤ ይቀጥላል። አርብ ከሰዓት በኋላ ከገብር ኄር ጀምሮ መቆራረጡ በዛ። በየሐረጉ ያቆማል። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ፍሬ ስብሐት የሚባል ቀጭን ሰው፣ ይኸ ሲዲ ከተናገረው የዋጠው ይበዛል ብሎ ሹክ ሲል አበምኔቱ ዞረው አዩት። ሁሉን እቆጥር ነበር። ያን ቀን የቆጠርሁት የተቆረጠ ቦታ ከመቶ ስልሳ በላይ ነበር። ሁሉንም ሞላቸው።

ቅዳሜ ኒቆዲሞስ ላይ ኪዳነ ወልድ አንድ ቦታ አቆመው። ከዚያ አንድ ነገር አዜመ። መቋሚያው መታ። እንደገና ሞከረ። መታ። ላቡን በነጠላው ጠረገ።

«ይኸን ከየኔታ አልወሰድሁትም» አለ። «ይኸን ባስተማሩበት ዓመት ወባ ይዞኝ ወንዛዬ ጠበል ነበርሁ።»

እስከ ሳምንቱ ፍጻሜ እንዲህ ያለ አራት ቦታ ተገኘ። አራት የሐረግ ጫፎች፤ ከእያንዳንዱ የምትጎድለው ቢበዛ ሰባት ሰከንድ። የቀረው ሆሣዕና ብቻ ነበር፤ ሆሣዕናን ያለ እንከን ጨረሰው። አራቱ ግን ቀሩ። አባ ዓምደ ሚካኤል የሚጎድለው ከጎደለ ጎደለ እንደሚባል ተናገሩ፤ ድምፃቸው ውስጥ ጭካኔ አልነበረም። እኔ ተነሥቼ ኮምፒውተሬን በጀልባ ላመጣው እንደምችል፣ ከገዳሙ ክልል ውጭ ጀልባው ላይ ሆኖ ሊሰማው እንደሚችል ተናገርሁ። አበምኔቱ አሰቡበት። ጀልባ ሄዶ እስኪመለስ ግን አራት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ የቀራት ሦስት አይሞላም፤ የዋዜማው ጸሎት ከተጀመረ ደግሞ ጉዳዩ ያለቀ ነው። ሰባት ሰከንድን ምክንያት አድርጎ አሥራ ሁለት ሰው መበተን እግዚአብሔርን አያስደስተውም አልኋቸው። እግዚአብሔር ምን እንደሚያስደስተው የምታውቅ ከሆነ እዚሁ ከእኛ ጋር ተቀመጥ አሉኝ።

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ስማ» አሉ።

ድምፃቸውን ከራሳቸው አፍ ከሰማሁ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ታንኳ ጠጠር ላይ ሲጎተት ያለውን ድምፅ ይመስላል። የመጀመሪያውን ጫፍ አሉት፤ አቆሙ። ኪዳነ ወልድ መልሶ እስኪለው ያህል ዝም አሉ። አለው። ሁለተኛውን አሉት፤ ጠበቁ። ሦስተኛው ላይ ሳል ያዛቸው፤ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩና ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት። አራተኛውን ለመስማት ሁሉም ወደ ፊት አዘነበሉ። እኔ ከበሩ ሆኜ አልሰማሁትም። ኪዳነ ወልድ ሰማው፤ መለሰው። የኔታ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

አባ ዓምደ ሚካኤል ተነሡ። ኪዳነ ወልድ ከነገ ጀምሮ የየኔታ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ አዘዙ፤ እሱም የሦስታችንንም እግር ሳመ፣ የአበምኔቱን፣ የየኔታን፣ በስሕተት ደግሞ የእኔን። ተማሪዎቹ ለዋዜማው ውኃ ሊቀዱ ወጡ።

አሥራ ሦስቱን ሲዲ ልሰበስብ ስል ኪዳነ ወልድ እጁን ጣለበት። የተበላሹ እንደሆኑ፣ መንገዱ ሲከፈት ሃያ ሙሉ ሲዲ ከነዝምታው እንደማመጣ ነገርሁት። ያን በደስታ እንደሚቀበል፣ እነዚህን ግን እንደማይመልስ ነገረኝ፤ ከአሥራ አንዱ አንዳቸው መምህር እሆናለሁ ያለ ቀን የሚፈተነው በእነዚህ ነው። ስሕተት በገዳም ሊቀመጥ አይገባም ብዬ ብዙ ተናገርሁ። አበምኔቱ ጀልባው እየጠበቀኝ እንደሆነ አስታወሱኝ።

እሌኒ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። አባቷ ከጀልባው ሲወርዱ አፋቸው ላይ የያዙትን መሐረብ አየች። እሳቸውን ምንም አልጠየቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ስንት ቃል ተናገሩ?»

አራት ቦታ ብቻ፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው አልኋት። አንዱን ሁለት ጊዜ። ደግሞ መጀመሪያ «ስማ» ብለዋል።

ልትሰድበኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። የአባቷን ክንድ ያዘችና ወደ ባጃጁ ወሰደቻቸው። እኔ እዚያው ቆምሁ። ባጃጁ ሊነሣ ሲል የኔታ በጨርቁ መጋረጃ በኩል እጃቸውን አውጥተው ና አሉኝ። ሄጄ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። እስከ ሰባታሚት ድረስ ማናችንም አልተናገርንም።